ሁለት ጊጋ ላይ የሚቆመው የሠርግ ቪዲዮ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው አቦ! ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ትንሽ የቪዲዮ ስቱዲዮ አለን። የቀረጽነው ሠርግ ሊኑክስ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ኤዲት የምናደርገው ግን በዊንዶውስ ነው። ፍላሽ ማመላለስ ቢሰለቸኝ በሲ ቋንቋ፣ በሶኬት የሚልክ ፕሮግራም ጻፍኩ። ላኪው ሴንድፋይልን (ፋይልን በቀጥታ ወደ ሶኬት የሚልከውን የሲስተም ጥሪ) ይጠቀማል። ትንንሾቹ ፋይሎች መጠናቸው ጨምሮ ይደርሳሉ፣ አይከፈቱም። ትልልቆቹ ሁለት ጊጋ አካባቢ ይቆማሉ። ኔትወርኩ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኔትወርኩን ለጊዜው ተወው። መጠኑን የሚጨምረው ተቀባዩ ነው። ፋይሉን በኤፍኦፕን ስትከፍት ለመጻፍ የሚለውን "ደብልዩ" (w) ብቻ ጽፈህ፣ ባይነሪ የሚለውን "ቢ" (b) ትተህ መሆን አለበት። ሊኑክስ ላይ "ቢ" ብትጨምርበትም ባትጨምርበትም ያው ነው፣ ዊንዶውስ ግን "ቢ" ከሌለ ጽሑፍ ነው ብሎ ይወስደውና ቁጥሩ 10 የሆነ ባይት (የአዲስ መስመር ምልክት) ባገኘ ቁጥር ከፊቱ 13ን ይጨምራል። ቪዲዮ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ባይት ሞልቷል። "ቢ"ዋን ጨምር፣ ያልቃል።

ሁለት ጊጋው ሌላ ጉዳይ ነው። የሊኑክሱ ሴንድፋይል በአንድ ጥሪ ቢበዛ 2,147,479,552 ባይት ይልካል፤ ስድስት ጊጋ ብትሰጠውም እዚያ ላይ ይቆምና ስንት እንደላከ ይነግርሃል። ከዚያም ያነሰ ሊልክ ይችላል። የመለሰልህን ቁጥር እያየህ እስኪያልቅ ደጋግመህ ጥራው።

ሴንድፋይልን መምረጥህ ግን በጣም ጥሩ ነው። በተለመደው መንገድ ዳታው ከከርነል (ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ወደ ፕሮግራምህ ይገባና ተመልሶ ወደ ከርነል ይሄዳል። ከቀፊራ ገዝተህ ሳቢያን የምታደርሰውን ዕቃ መጀመሪያ ቤት አስገብተህ፣ አራግፈህ፣ እንደገና ባጃጅ ላይ እንደመጫን ነው። ሴንድፋይል በቀጥታ ይወስደዋል፣ ፕሮሰሰሩም ያርፋል። ከዊንዶውስ መላክ ስትፈልግ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ትራንስሚትፋይል አለልህ፣ የእሱም ወሰን በአንድ ጥሪ 2,147,483,646 ባይት ነው። ማክ ላይም ሴንድፋይል አለ፣ ግን የሚቀበላቸው ነገሮች ቅደም ተከተል ስለሚለይ የሊኑክሱን ኮድ ገልብጠህ አትለጥፍ።

ተቀባዩን አደራ! ሶኬትህ የሚልክበት ቲሲፒ የባይት ጅረት ነው፣ በአንድ ጥሪ የላክኸው በአንድ ንባብ ይደርሳል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የፋይሉን መጠን በ8 ባይት፣ በኔትወርክ የባይት ቅደም ተከተል (ትልቁ ባይት ቀድሞ) ላክ። ተቀባዩ ያን ያህል እስኪሞላ ድረስ ያንብብ።

ይህን ሁሉ አድርገህም ከዘገየ፣ ያኔ ወደ ኔትወርኩ ተመለስ። ስዊችህ ባለ 100 ሜጋቢት ከሆነ ስድስት ጊጋ ቢያንስ 8 ደቂቃ ይፈጃል፣ ኮዱ ምንም ያህል ቢያምር። ባለ ጊጋቢት ከሆነ ደግሞ ኬብሉን እይ፤ ስምንቱም ሽቦ ካልተገናኙ ወደ 100 ይወርድብሃል።