ሲናሩን ላጥፋው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ «ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ገብስ አመርታለሁ። አባቴ ሲናሩን ከገብሱ ጋር አብሮ አጭዶ፣ አብሮ ወቅቶ፣ አብሮ አስፈጭቶ ይበላ ነበር። እኔ ግን ዘንድሮ የቢራ ገብስ ልዘራ ተዋውያለሁ። ገዢዎቹ ሲናር ያለበትን እህል አንቀበልም ብለውኛል። ጎረቤቴ በኬሚካል ጠራርገህ ገላገለው ይለኛል። ከሁሉም ማሳዬ ላጥፋው?»

መልስ፦ የቢራ ገብስ ከሚዘሩበት ማሳ ያጥፉት። እዚያ ላይ ገዢዎቹ ልክ ናቸው። ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው እኩል የሚበቅል ንጹህ ገብስ ነው። የምግብ ገብሱ ማሳ ላይ ግን አይቸኩሉ። ሲናር ብለን በአንድ ስም የምንጠራው የአጃ ዘመድ ሣር አንድ ዓይነት አይደለምና።

ሁለቱ የአገራችን ሲናሮች እየበቀሉ ሳለ ለመለየት ይከብዳሉ። ሲደርሱ ግን ማሳው ውስጥ ገብተው አንዱን ዘለላ በእጅዎ ይዘው ቀስ አድርገው ያራግፉት። ፍሬው አንድ በአንድ እየተነቀለ ከረገፈና ባዶ ነጭ ሽፋኑ ብቻ ዘለላው ላይ ከቀረ፣ ያ ረጋፊው ነው። ሳይንሱ አቬና ቫቪሎቪያና ይለዋል። ሲያራግፉት ካልረገፈና አውድማ ላይ ካልተወቃ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ አቬና አቢሲኒካ ነው። አባትዎ ከገብሱ ጋር አጭደው ጎተራ ያስገቡት የነበረው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው። የረገፈውማ መሬት ላይ ይቀራል እንጂ ከነዶው ጋር አይገባም። ሁለቱ አልፎ አልፎ ስለሚዳቀሉ ግማሹ የሚረግፍ፣ ግማሹ የሚቀር ዘለላ ቢያጋጥምዎ አይገረሙ።

ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ይለያያል። ረጋፊው ከአጨዳ በፊት ዘሩን መሬት ላይ ይጥላል። ፍሬው ላይ ያለችውን ጠማማ ጺም ልብ ብለው ይዩዋት። ስትደርቅ ትጠመዘዛለች፣ እርጥበት ሲነካት ትፈታለች፣ በዚሁ ፍሬውን እንደ መሰርሰሪያ ወደ አፈር ታስገባዋለች። አፈር ውስጥም ሁሉም በአንድ ዓመት አይበቅልም። ገሚሱ ተኝቶ ይቆይና ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ትግሉ የአንድ ክረምት አይደለም።

የማይረግፈው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ራሱን ችሎ መሬት ላይ መዝራት ይከብደዋል። ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከገብሱ ዘር ጋር ተመልሶ ካልተዘራ ይጠፋል። ግጦሽ መሬት ላይ ወይም ጫካ ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም። መኖሪያው የታረሰ የደጋ ማሳ ነው፤ በተለይ የገብስ፣ አንዳንዴም የስንዴ። በዓለም ላይ ያለውም በጥቂት ቦታ ነው፦ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ባሕሩን ሲሻገሩ ደግሞ የመን አካባቢ። አንድ ክረምት ኖሮ የሚሞት ሣር ስለሆነ በሥሩ የሚተርፍበት ዕድል የለውም። ዘሩ ከተቋረጠ እሱም አበቃለት።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የገበሬው የራሱ ገብስ በተመረጠ ንጹህ ዘር ሲተካ፣ ሣር መሳይ አረም ሁሉ በኬሚካል ሲመታ፣ ይህ ተክል ማንም ጠልቶት ሳይሆን ማንም ሳያስበው ከየማሳው ይወጣል። የደን ዛፍ ሲቆረጥ ይታያል። ይሄ ሲጠፋ ግን «ማሳው ጠራ» ተብሎ ደስታ ይሆናል።

ታዲያ ቢጠፋ ምን ይጎድላል ይሉኝ ይሆናል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ተዘዋውሮ እህሎቻችንን ሰብስቧል። ረጋፊው ሲናር ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። እነዚህ ሲናሮች በዓለም ገበያ ላለው አጃ ዘመዶች ናቸው። አጃው 42 ክሮሞሶም (የዘር ውርስ የሚሸከሙ ክሮች) ሲኖረው እነሱ 28 አላቸው። ስለዚህ ማዳቀሉ ቀላል አይደለም፤ ድቃዩ ብዙውን ጊዜ መካን ይሆናል። ቢሆንም አዳቃዮች ለዋግና ለሌላ በሽታ መቋቋሚያ ሲፈልጉ ወደ እንዲህ ያሉ የዱርና የገበሬ ዘመዶች ነው የሚሄዱት። ከሳይንሱ ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርበው ደግሞ ገብሱ ባልሆነበት ዓመት ሲናሩ ጎተራ መግባቱ ነው። አባትዎ ዝም ብለው አልተዉትም።

አሁን ወደ ሥራው። የቢራ ገብሱን ማሳ ከዘር ይጀምሩ። የተረጋገጠ ዘር ይግዙ። የራስዎን ከሆነ የሚዘሩት አበጥረው፣ በወንፊት ነፍተው፣ የቀረውን በእጅ ይልቀሙ። ከዚያ ዝናብ ሲጥል ገመሳውን አድርገው ሲናሩ እንዲበቅል ይተዉት። አረንጓዴ ሲሆን ደግመው አርሰው ይገልብጡት። ይህቺ ብቻዋን ብዙ ታቀላለች። ማሳው በረጋፊው ከተወረረ ደግሞ ገብስ በገብስ ላይ አይዝሩ። አንድ ሁለት ዓመት ባቄላ ወይም አተር ያስገቡ። ባቄላ መሃል ሲናር ዓይን ስለሚገባ ለማረም አይከብድም።

ገብስ መሃል ግን ቡቃያውን መለየት ዓይን ይጠይቃል። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልጠው ይዩ። ገብስ ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች አሉት። ሲናር የለውም። ይህን ከያዙ ልጆችም ያርሙልዎታል። ያረሙት ሳያዘረዝር ከሆነ ለከብት ጥሩ መኖ ነው። ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ለከብት አይስጡ። የተወሰነው ፍሬ ሳይፈጭ በእበት ወጥቶ ፍጉን ሲበትኑ ማሳዎ ላይ ይበቅላል።

ስለ ኬሚካሉ አንድ ነገር በደንብ ይያዙልኝ። ቱፎርዲ ሲናርን አይነካም፤ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። ጎረቤትዎ ስንዴ ላይ የሚረጨው ፓላስ ደግሞ ለስንዴ የተሠራ ነው፤ ገብስ ላይ ከረጩት ገብሱን ራሱን ይጎዳዋል። ስለዚህ መለያው ላይ «ለገብስ» የሚል ከሌለ አይግዙ። በየዓመቱም ያንኑ አንድ ዓይነት ኬሚካል አይደጋግሙ፤ አረሙ ይለምደዋል። ኮምባይነር የሚከራዩ ከሆነ ማሳዎ ከመግባቱ በፊት ተጠርጎ እንዲጸዳ ይጠይቁ። ከሌላ ቀበሌ የሲናር ዘር ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የምግብ ገብሱ ማሳ ላይ ረጋፊውን እየነቀሉ የማይረግፈውን ይተዉት። ማሳው ከቢራ ገብሱ ራቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። አውድማውንና ጆንያውን ግን የግድ ይለዩ።

የማይረግፈውን ከማንኛውም ማሳ ለማስወጣት ከወሰኑ ደግሞ ከዚያ በፊት ዘሩን ያስቀሩልኝ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የአገራችንን ዘር በቅዝቃዜ ያቆያል። በቅርብዎ የማኅበረሰብ የዘር ባንክ ካለ እሱም ይቀበልዎ ይሆናል፤ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። ከብዙ ዘለላ ትንሽ ትንሽ ይልቀሙ፣ ከአንድ ጥግ ብቻ አይሁን። በደንብ ያድርቁት፣ በወረቀት ከረጢት ያድርጉትና ቀበሌውን፣ የተሰበሰበበትን ወርና አብሮት የነበረውን የገብስ ዓይነት ይጻፉበት። ይህ ጽሑፍ የሌለው ዘር ለሚቀበለው ሰው ብዙም አይጠቅመውም።