ጅማ ላይ ጋራዥ ለምትከፍቱ ልጆቼ

ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃችሁ አጂፕም ሆነ መርካቶ አካባቢ ቦታ ለመከራየት የምትሯሯጡ ልጆቼ፣ ግንባታ ሳትጀምሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አካል ጉዳተኛ ሥራ ሲጠይቅ "ጋራዥ አደገኛ ነው" ብሎ መመለስ ለምዶብናል። አደጋው እውነት ነው። መኪና ከሥር የሚሠራበትን ጉድጓድ ተመልከቱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ እዚያው ይተኛል። ብልጭታ ቢነሳ በዚያች ቀጥ ያለች ደረጃ ሮጦ መውጣት ለማንም ጭንቅ ነው። ለዊልቸር መውረጃ አለመሥራት እዚያ ላይ በደል አይደለም። ቀለም የሚረጭበት ክፍልም እንደዚሁ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሕንፃ ተደራሽነት ደንብ አደገኛውን ቦታና ወደዚያ ብቻ የሚወስደውን መንገድ ከግዴታው ነፃ ያደርጋል። ግቢውን በሙሉ ግን ነፃ አያደርግም።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 568/2000ም የሥራው ጠባይ ካላስገደደ በቀር ብቁ የሆነን አካል ጉዳተኛ ማግለል ይከለክላል። እና የትኛው ሥራ ነው የማይቻለው? ዲናሞና ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) የሚጠገነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ጉልበት እንዲገባ የጠረጴዛውን ሥር ባዶ ተዉት። ብረት ጨምድዶ የሚይዘውን ሞርሳ ወደ ዳር አምጡት። መፍቻዎቹን እጅ በሚደርስበት ከፍታ ስቀሉ። እጁ የሠለጠነ ልጅ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። መስማት የተሳነው መካኒክ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥም ይሠራል፤ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚበራ መብራት ግጠሙለት። ሁሉንም በአንድ ቃል ከበር መመለስ በጣም ያሳዝነኛል።

ደንበኛውንም አትርሱ። ቢሮው፣ መጠበቂያውና ሽንት ቤቱ ምን አደጋ አላቸው? ደረጃ ካለ ለዊልቸር ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መወጣጫ፣ ሥሩ። ለ1 ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት አስቡ፤ 15 ሴንቲሜትር ለሆነ ደረጃ 1.80 ሜትር ራምፕ ማለት ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ያ ጭቃ ዊልቸር አያስኬድም። ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት ለማድረግ አቅም ካጣችሁ ከበሩ እስከ ቢሮው ያለውን ብቻ አድርጉ። ወለሉን ሸካራ አድርጉት፣ ዘይት ሲነካው እንዳያንሸራትት። አሮጌ ጎማና የወለቀ ካምቢዮ እዚያ መንገድ ላይ እንዳይከመር ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ተቆጣጠሩ።