ሰው አይቶ ሆዱ ለማይችል ልጅ

ልጆቼ፣ በአእምሮ ሕክምና ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ጓደኛ ሲከፋው እንቅልፍ ለሚያጣ፣ እምቢ ማለት ለማይሆንለት፣ ሥራ ሲያገኝ ገና ላላገኘው ጓደኛው ሲል ደስታውን ለሚደብቅ ልጅ ነው።

ድባቴ የሚይዘው ዝምተኛና ብቸኛ ሰው ብቻ ይመስለናል። ሆደ ባሻና ቶሎ የሚጨነቅ ሰው ይበልጥ እንደሚጋለጥ በብዙ ጥናት ታይቷል። ግን ሁሉ የሚወደው ተጫዋቹም ይታመማል። በተለይ የቤተሰቡን ሸክም የተሸከመ ልጅ ሲታመም ደጋግሜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለችዋን ልጅ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» ስላት ስለ ታናሽ ወንድሟ ፈተና ትነግረኛለች። «ምግብስ?» ስላት እናቷ መክሳታቸውን። ወደ ራሷ ጉዳይ እስክንመጣ ስንት ሰው እናነሳለን።

በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የጃፓን ጥናት ይህን ነገር በደንብ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ገንዘብ ለራስና ለሌላ ሰው ሲከፋፈል እያሳዩ የሰዎችን አንጎል በኤምአርአይ ተመለከቱ። እኩል መካፈል የሚወዱት ሰዎች ክፍፍሉ ሲዛባ፣ ለእነሱ በዝቶ ለሌላው ሲያንስ እንኳ፣ አሚግዳላና ሂፖካምፐስ የተባሉት የአንጎል ክፍሎች ምላሽ ይሰጣሉ። አሚግዳላ ስጋትንና ስሜትን በቅጽበት የሚያነብ ነው፤ ሂፖካምፐስ ከትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። ምላሹ የዚያን ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ከዓመት በኋላ የሚታየውንም የድባቴ ምልክት የሚጠቁም ሆኖ ተገኘ። ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ እንዲህ ያለ ልብ ኖሯቸው ደህና የሚኖሩ ብዙ ናቸው።

ለዚህ ነው «አታስቢ፣ ተይው» የሚለው ምክር የማይሠራው። ስሜቱ ከሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። መምጣቱን አትከልክሉት፤ ከመጣ በኋላ ግን ጠይቁት። ማንን በደልኩ? የማንን ወሰድኩ? አሜሪካም ዱባይም ሆናችሁ ደሞዝ እንደገባ ወደ አገር ቤት የምትልኩ፣ ለራሳችሁ አንድ ጫማ ስትገዙ የሰረቃችሁ ያህል የሚሰማችሁ፣ እናንተን በተለይ አስባለሁ። ከመላካችሁ በፊት የቤት ኪራይና የምግብ አስቀሩ፣ የተረፈውን ላኩ። ስልክ ተደውሎ ገንዘብ ስትጠየቁም እዚያው እሺ አትበሉ፤ «ነገ ልደውልልህ» በሉና እደሩበት። ደግነታችሁን ተዉ አልላችሁም፣ ይሄ አገር የቆመው በእናንተ ነው።

መከፋቱ ወይም ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቅ ካለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ የጥፋተኝነት ስሜቱም ከበዛ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ግን ቀን በቀን ውሰዱ። ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቁሙት። የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩና አብሯችሁ ሐኪም ቤት ይሂድ።