ወንድሜ፣ ከሶላሩ በፊት ስፒናውን ንቀል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ አሮጌ ካራቫን ገዝተህ ደብረ ሲና አምጥተሃል፤ ሻይ ቡና ልትሠራበት። አምፖሎቹ ደብዘዝ ብለው ነው የሚበሩት። ባትሪው ቶሎ ይወድቃል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የበሩ እጀታ ይነዝራል። «ሽቦውን በሙሉ ላስቀይር ወይስ ሶላር ላስገባ?» ብለህ ጠይቀሃል። አብዛኛው ሰው «ሶላር አስገባ» ብሎ መልሶልሃል። መንዘሩን ግን ማንም አላነሳውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ይህን ስታነብ ካራቫኑ ከቤት መብራት ጋር ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ሂድና ስፒናውን ንቀል። ከዚያ ተመልሰህ አንብብ።

እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። የኔንም ካራቫን በ2015 ዓ.ም. ልክ እንዳንተ ከካምፕ ጨረታ ነው ያነሳሁት። ከባለቤቴ ጋር ቁርስ እንሸጥበታለን። ፒክአፕ ላይ አስሬ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ እናንተ ጋ ደብረ ሲና፣ አንዳንዴም ሸዋ ሮቢት ድረስ አወርደዋለሁ። አንተ የዘረዘርካቸውን ችግሮች አንድም ሳይቀሩ አይቻቸዋለሁ። ዛሬ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ይሠራል፤ ብዙውን በገዛ እጄ ነው ያስተካከልኩት። በተራ በተራ ልንገርህ።

1. መንዘሩን አትናቀው

የኔም በር ይነዝር ነበር። መጀመሪያ «ትንሽ ነው» እያልን አለፍነው። ባለቤቴ በደረቅ ፎጣ ይዛ ነበር የምትከፍተው። ኋላ ላይ አንድ ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ስሙን አልጠራም። መጣ፣ አምስት ደቂቃ አየ፣ ከዚያ ኒውትራሉን (የ220ውን መመለሻ ሽቦ) በቁራጭ ሽቦ ከካራቫኑ ቦዲ ጋር አሰረው። «ግራውንድ አድርጌልሃለሁ፤ ከእንግዲህ አይነዝርህም» አለኝ። እውነትም መንዘሩ ቆመ። ከፈልኩት፣ አመሰገንኩት፣ ለሁለት ጎረቤቶችም ስልኩን ሰጠኋቸው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከአራት ወር በኋላ ነው። የ2016 ጸሎተ ሐሙስ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ለፋሲካ የገዛሁትን የመንዝ በግ ከካራቫኑ መጎተቻ ብረት ጋር በሰንሰለት አስሬዋለሁ። ማታ ኤክስቴንሽኑን ለጎረቤት አውሼ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መለሱልኝና እንደ ወትሮዬ ሰካሁት። መብራቱ በራ። ፍሪጁ ተነሳ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ወደ ውጭ ዞር ስል በጉ ጭቃው ላይ ተዘርሯል። እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ እንኳ አላወጣም። የሰባት ዓመት ልጄ ሣር በእጁ ይዞ ወደ እሱ እየሄደ ነው። ባለቤቴ «እንዳትነካው!» ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሮጬ ስፒናውን ነቀልኩት። በጉ ሞቷል። ልጁ የቀረው ሦስት እርምጃ ነበር።

በጉን ቀበርነው። ያን ፋሲካ ያለ በግ ዋልን፤ ግን ልጃችንን አቅፈን ነው የዋልነው፤ ተመስገን።

ምን እንደተፈጠረ ልብ ብለህ ስማኝ፤ ያንተም እንዲሁ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ያ ስፒና ሁለት ክብ እግር ነው ያለው። እንዲህም እንዲያም ገልብጠህ ብትሰካው ይገባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፌዙ (የሚነዝረው መስመር) በዚህኛው ሽቦ ይመጣል፣ ሌላ ጊዜ በዚያኛው። «ኒውትራል ነው» ተብሎ ቦዲው ላይ የታሰረው ሽቦ ስፒናው ሲገለበጥ ፌዝ ይሆናል ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ ኤክስቴንሽኑ ሳይነቀል በአንድ ጎኑ ተሰክቶ ኖረ። ያን ቀን ተገለበጠ። ካራቫኑ ደግሞ የቆመው በጎማና በእንጨት ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው ብሬከሩ አይወርድም። ቦዲው በሙሉ 220 ቮልት ይዞ ዝም ይላል። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የነካው ሰው መንገድ ይሆነዋል። ስፒናው ባይገለበጥም ኒውትራሉ ኤክስቴንሽኑ ውስጥ ከተበጠሰ ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ ስፒናው ተነቅሎ እያለ ካቻቪቴ ያዝና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ክፈት። ከኒውትራሉ ተነስቶ ቦዲው ላይ የታሰረ ቁራጭ ሽቦ ካለ አውጣው። ከ220 ቮልቱ ሽቦዎች ውስጥ ከቦዲው ጋር መታሰር ያለበት አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የግራውንድ ሽቦ ብቻ ነው።

እኔ ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ሽቦውን ኤክስቴንሽን ጥዬ ባለ ሦስት ሽቦ ገዛሁ። የቤታችን ሶኬት ራሱ ግራውንድ እንደሌለው ያኔ ነው ያወቅኩት። ያንተንም አስፈትሸው። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ከካራቫኑ አጠገብ በመዶሻ ቀበርኩ፤ ከቦዲው ጋርም በወፍራም ሽቦ አገናኘሁት። ኤክስቴንሽኑ በሚነሳበት በኩል ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት የሊኬጅ ብሬከር አስገባሁ። ተራውን ብሬከር አይደለም የምልህ። ተራው ሽቦህን ከመቃጠል ያድናል እንጂ ሰው አያድንም። ይሄኛው ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ በቅጽበት ይቆርጣል። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በየወሩ ተጫነው።

የገጠምኩት ቀን ወዲያው ወረደ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወረደ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ስፈልግ የቦይለሩ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። መጀመሪያውኑ በሩን ሲያስነዝረው የነበረው እሱ ነው። ያ ኤሌክትሪሻን አምስት ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቢፈልግ ኖሮ ያገኘው ነበር። እሱ ግን በሽታውን ትቶ ምልክቱን ነው ያጠፋው።

2. ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ቡሎኑን ፈልግ

ገንዘቤ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። አምፖሎቹ ሲደበዝዙ «ባትሪ ነው» አሉኝ። ገዛሁ። ሁለት ቀን ደህና መሰለኝ፤ ከዚያ ያው ደብዛዛ ሆነ። ሁለተኛ ባትሪ ጨመርኩ። እሱም በሦስት ወሩ ሞተ። ወደ ሱቁ ይዤው ብሄድ ባለ ሱቁ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። «ካራቫን ላይ ያሰርከው ባትሪ ዋስትና የለውም» አለኝ። ስገዛው ለካራቫን እንደሆነ በግልጽ ነግሬዋለሁ። «ለእሱማ ከዚህ የተሻለ የለም» ብሎ የሸጠልኝ ራሱ ነው። ሰው እየሰማ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ብሎ ሸኘኝ። ያን ከባድ ባትሪ ተሸክሜ ደረጃውን ስወርድ የተሰማኝን ንዴት አልረሳውም። የሁለት ወር ትርፋችን ነበር። ደረሰኝ ላይ ለምን እንደምትገዛው አስጽፍ፤ እኔ ያላደረግኩት እሱን ነው።

መልሱን ያገኘሁት ሸዋ ሮቢት ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዲናሞና ሞተሪኖ ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ታሪኬን ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ባትሪው ምን በደለህ?» አሉኝ። መልቲሜትራቸውን (ቮልት መለኪያውን) አወጡና መብራቶቹን በሙሉ አስበሩኝ። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት። አምፖሉ ላይ 10.3። «ሁለት ቮልት የት ሄደ?» አሉ። ከዚያ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው (ካራቫኑ የተቀመጠበት የሥር ብረት) ላይ አደረጉ። ዜሮ አጠገብ መሆን የነበረበት 1.9 አለ። ከጠፋው አብዛኛው እዚያው ነበር።

አሮጌ ካራቫን ላይ ፖዘቲቩ በሽቦ ይሄዳል፤ ነጌቲቩ ብዙ ጊዜ በሻንሲው ብረት ነው የሚመለሰው። መጋጠሚያው ሲዝግ መመለሻው ይዘጋል። ተጋድመን ሥሩ ገባን። ከመጎተቻው ብረት በታች በ13 ቁልፍ የሚፈታ አንድ ቡሎን አለ። ሦስት ሽቦዎች አንድ ላይ ታስረውበታል። ላዩን ሲያዩት ቀለም ተቀብቶ ደህና ይመስላል። ሲፈቱት ዳዶው ደርቆ ተሰበረ። ሮንዴላው ሥር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ሞልቷል፤ የሻገተ ዳቦ ነው የሚመስለው። የአንዱ ሽቦ ጫፍ በጣት ሲነካ ረገፈ። ብረቱን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት። ሽቦዎቹን ጤነኛው መዳብ እስኪገኝ ቆረጡ፣ አዲስ ጫፍ ገጠሙላቸው፣ በአዲስ ቡሎን አጥብቀው አሰሩ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡት። እኔ ገና ከሥር ሳልወጣ ባለቤቴ ከውስጥ «እንዴ!» ስትል ሰማሁ። አምፖሎቹ ቦግ ብለዋል።

ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። የጠየቁኝ ሒሳብ የሁለት ሰው ቁርስ አይሞላም። ጨምሬ ሰጠኋቸው፤ አሁንም እዚያ በወረድኩ ቁጥር ሳልጠይቃቸው አላልፍም።

3. ባትሪውን የገደለው ግን ቡሎኑ አይደለም

ከካራቫኑ ጋር የመጣው፣ 220ን ወደ 12 የሚቀይረው አሮጌ ሳጥን ነው የገደለው። ያንተም ሲሠራ ዝዝዝ የሚል ከባድ ሳጥን ከሆነ ለካው። የኔ 15.3 ቮልት ያወጣ ነበር፤ ባትሪው ቢሞላም አያቆምም። ተራ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ 14.4 ገደማ፣ ከሞላ በኋላ ከ13.5 እስከ 13.8 ይበቃዋል። ቀንና ሌሊት ተሰክቶ ውሃውን አፍልቶ ጨረሰው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ከሸተተህ እሱ ነው። በርና መስኮት ክፈት፤ ክብሪት እንዳትጭር። ሳጥኑን አውጥተህ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ግዛ። የኔን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው ያመጣሁት።

የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ስትከፍት ፊውዞቹንም እያቸው። የኔ ላይ ሁለቱ ተቃጥለው በሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልለው ነበር። ሽቦው የሚያልፈው በግድግዳው ስፖንጅ መሐል ነው። ቢግል እሳት ነው፣ ያውም አንተ ውስጡ ተኝተህ። ባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ዋና ፊውዝ አስገባ። ደግሞም ዕቃዎቹ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ካለ ለኛ መብራት የተሠራ አይደለም፤ የኛ 220 ያቃጥለዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሽቦውን በሙሉ አትቀይር፤ ላስቲኩ የተሰነጣጠቀውንና የጋለውን ብቻ ቀይር። ግን ለቤት ግድግዳ የሚገባውን ባለ አንድ ክር ሽቦ እንዳታስገባ። ከጣርማ በር ቁልቁል ያለውን መንቀጥቀጥ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ያ ሽቦ ይሰበራል። ክሩ ብዙ የሆነውን፣ የመኪናውን ግዛ።

ሶላር ጥሩ ነው፣ እኔም አለኝ። ቀድመህ ግን አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ ቀይር። የኔ አሥር አምፖሎች እያንዳንዳቸው 21 ዋት ነበሩ። ሲደመሩ ከ17 አምፔር በላይ ይጠጣሉ። በ4 ዋት ኤልኢዲ ስተካቸው ከ4 አምፔር በታች ሆነ። ሳልቀይር ሶላር ብገዛ ኖሮ የአምስት እጥፍ ያህል ነበር የምከፍለው። ምጣድ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 በሚቀይረው ዕቃ) እሠራለሁ ካልክ ደግሞ ተወው። ከ3,000 ዋት በላይ ነው፤ ከ12 ቮልት ባትሪ ከ250 አምፔር በላይ ይጠይቃል። እንጀራውን ቤት ጋግረህ አምጣ፤ ቡናውን በከሰል አፍላ።

ወደ እኛ ስትወጣ ብርዱንም አስብ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል የእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ጠዋት ምንም ሳይበራ 12.2 ካየህ ግማሹ አልቋል ማለት ነው። ሊቲየም እገዛለሁ ካልክ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል። ውጭ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከአልጋው ሥር አድርገው።

ነገ ጠዋት ሁለት ነገር ለክተህ ቁጥሩን እዚሁ ጻፍልኝ። የ12 ቮልት መብራቶቹ በሙሉ እየበሩ ባትሪው ላይ ስንት ነው? ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሻንሲውስ? ለዚህ የቤት መብራት አያስፈልግህም። መልቲሜትር ከሌለህ ቅዳሜ ደብረ ሲና ነኝ፤ የኔን ይዤልህ እመጣለሁ፣ ሥሩም አብረን እንገባለን። የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍተን እስክናየው ድረስ ስፒናው እንደተነቀለ ይቆይ።