የእንግሊዝ የሥራ ስፖንሰርሺፕ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እናጣራ? (ጥያቄና መልስ)

ወደ ዩናይትድ ኪንግደም በሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ለማመልከት አሠሪው የሚሰጠውን የስፖንሰርሺፕ ሰርተፍኬት ብዙ ሰው «ኮስ» ይለዋል። ጥያቄዎቹ ስለሱ ናቸው። የፓስፖርትም ሆነ የኮስ ቁጥራችሁን እዚህ አትጻፉ፤ ያለሱም መልስ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ማኅተም፣ ፊርማና የዘውድ አርማ ያለበት ሰርተፍኬት በዋትስአፕ ተልኮልኛል። ትክክለኛ ነው?

መልስ፦ ማኅተሙ ራሱ ያጠራጥራል። ኮስ አሠሪው በሆም ኦፊስ (ቪዛ በሚሰጠው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) የስፖንሰሮች ሲስተም ውስጥ ገብቶ የሚሞላው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ነው። ለማመልከቻ የሚያስፈልግዎ ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። አሠሪው ዝርዝሩን በፒዲኤፍ አውጥቶ ሊልክልዎ ይችላል፤ እሱም ምንም ጌጥ የሌለው ደረቅ ቅጽ ነው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የአሠሪው የስፖንሰር ፈቃድ ቁጥር፣ የሥራ መደብና ባለ 4 አሃዝ የሙያ ኮድ፣ የሥራ ቦታ አድራሻ፣ የሳምንት የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን። «የኢሚግሬሽን ኃላፊ» ፊርማ ወይም «ቪዛዎ ጸድቋል» የሚል ቃል ካለበት ሰው ለማሳመን የተሠራ ነው። ኮስ ለማመልከት ያበቃል እንጂ ቪዛ አያጸድቅም።

ጥያቄ፦ ቁጥሩን አስገብቼ የምፈትሽበት ድረ ገጽ አለ?

መልስ፦ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የለም። «ኮስ ማረጋገጫ» የሚል ሊንክ ከላኩልዎ አይክፈቱት። እንዲህ ያለ ገጽ ምንም ቁጥር ቢያስገቡ «ትክክል ነው» ሊልዎ ይችላል፤ የሠራውም ወረቀቱን የላከው ሰው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከአሠሪው። በመጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ፈቃድ ያላቸው ስፖንሰሮች መዝገብ ያውርዱ። ነፃ ነው፣ በየሥራ ቀኑ ይታደሳል። የድርጅቱን ስም፣ ከተማውን፣ የፈቃዱን ደረጃና የቪዛውን ዓይነት ያሳያል። «የሠለጠነ ሠራተኛ» የሚለው መስመርና የኤ ደረጃ ሊኖረው ይገባል። ቢ ደረጃ ላይ ያለ ድርጅት ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ ኮስ መስጠት አይችልም።

ቀጥሎ ካምፓኒስ ሃውስ የሚባለው የኩባንያዎች መዝገብ አለ፤ እሱም በነፃ ይታያል። ኩባንያው በሥራ ላይ ነው ወይስ ፈርሷል? መቼ ተቋቋመ? የተመዘገበበት የሥራ ዘርፍ ምንድን ነው? ከተቋቋመ ጥቂት ወራት የሆነው የጽዳት ድርጅት ሲቪል መሐንዲስ ልቅጠር ካለ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። የስፖንሰሮቹ መዝገብ ስልክም ኢሜይልም የለውም። ስለዚህ የድርጅቱን ድረ ገጽ ራስዎ ፈልገው፣ እዚያ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉና የሰው ኃይል ክፍሉን ያነጋግሩ። በተላከልዎ ደብዳቤ ላይ ወዳለው ቁጥር ከደወሉ የሚያነሳው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ነው። ስምዎን፣ የሥራ መደቡንና ኮሱ ወጣ የተባለበትን ቀን ነግረው «እናንተ ናችሁ የሰጣችሁት?» ብለው ይጠይቁ። ፓስፖርት ቁጥር በስልክ መስጠት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የድርጅቱ ስም መዝገቡ ላይ አለ። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ አጭበርባሪም ስም የሚመርጠው ከዚያው ላይ ነው። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ ላይ ይታያል። ከአት ምልክቱ ቀጥሎ ያለውን ፊደል በፊደል ያንብቡ። እውነተኛው አድራሻ በ«ዶት ኮ ዶት ዩኬ» የሚያልቅ ከሆነ፣ የውሸቱ «ኮ» እና «ዩኬ» የሚሉትን በሰረዝ ከስሙ ጋር አጣብቆ መጨረሻው ላይ «ዶት ኮም» ያደርጋል። በችኮላ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ላኪው ትክክል መስሎ «መልስ ስጥ» ሲሉ የጂሜይል አድራሻ ከመጣም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ኮሱ ከወጣ 5 ወር ሆኖታል፤ ደላላው ግን «2 ዓመት ያገለግላል» ይላል።

መልስ፦ ኮስ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካላመለከቱበት ጊዜው ያልፍበታል። የሚያገለግለውም ለአንድ ማመልከቻ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የተላከልኝ የዕቃ ማሸግ ሥራ ነው፤ ደመወዙ በዓመት 24,000 ፓውንድ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ለማጣራት መደወልም አያስፈልግሽም። የማሸግና የጽዳት ሥራ በዚህ ቪዛ አይሸፈንም። ከጁላይ 22፣ 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአዲስ አመልካች ሥራው በአብዛኛው የዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት፤ መደበኛው ዝቅተኛ ደመወዝም 41,700 ፓውንድ ነው፤ የሙያው የራሱ ተመን ከዚያ ከበለጠ ተመኑ ይሠራል። ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለጀማሪዎች ዝቅ ያለ ስሌት አለ። ኮዱን ከመንግሥት የሙያ ዝርዝር ጋር አስተያዪው፤ የተሰጠሽ መደብ «ማሸግ» ሆኖ ኮዱ የሥራ አስኪያጅ ከሆነ ሰነዱ ተጋጭቷል።

ጥያቄ፦ የአረጋውያን እንክብካቤስ?

መልስ፦ ከውጭ ሀገር ለሚያመለክት አዲስ ተንከባካቢ በዚያው ቀን ተዘግቷል። አሁን «የኬር ኮስ አለ» የሚልዎት ሰው የሚሸጠው የለውም።

ጥያቄ፦ ለኮሱ 4,500 ፓውንድ ክፈል ተብያለሁ። ሕጋዊ ክፍያ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ ለኮሱ የእርስዎ ክፍያ ዜሮ ነው። መንግሥት ለአንድ ኮስ የሚያስከፍለው በኤፕሪል 2025 ታሪፍ 525 ፓውንድ ሲሆን ከፋዩ አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው እንዳያስመልስም ተከልክሏል። የውጭ ሀገር ሠራተኛ ለመቅጠር ለመንግሥት የሚከፈለው፣ የክህሎት ክፍያ የሚባለውም የአሠሪው ዕዳ ነው። የእርስዎ ድርሻ የቪዛ ማመልከቻው ክፍያና በዓመት 1,035 ፓውንድ የሆነው የጤና ክፍያ ነው። የጤና ክፍያው ለጤናና እንክብካቤ ቪዛ አይጠየቅም። ሁለቱም የሚከፈሉት ማመልከቻውን በመንግሥት ድረ ገጽ ሲሞሉ ነው፤ በግለሰብ ባንክ ሂሳብ የሚገባ የሆም ኦፊስ ክፍያ የለም።

ጥያቄ፦ ድርጅቱም ኮሱም እውነተኛ ሆኖ በገንዘብ ቢሸጥልኝስ?

መልስ፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ ያሉትን ማጣሪያዎች ሁሉ ያልፋል። ወረቀቱ እውነት፣ ሥራው ውሸት ነው። ሆም ኦፊስ የሥራ ቦታው በእርግጥ መኖሩን ስለሚመረምር ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ቢሰጥም እንኳ የድርጅቱ ፈቃድ በኋላ ከተሰረዘ የመቆያ ጊዜዎ ብዙውን ጊዜ ወደ 60 ቀን ያጥራል፤ በዚያ ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ካላገኙ መውጣት ነው። ምልክቱ ቃለ መጠይቅ አለመኖሩ ነው። ስለ ሙያዎ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ደመወዝ የሚወስን አሠሪ የለም። የሥራ ውሉንም ይጠይቁ፤ ደመወዙ፣ ሰዓቱና አድራሻው ከኮሱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ ሐሰተኛ መሆኑን ሳላውቅ ባመለክትበትስ?

መልስ፦ ባያውቁም ሐሰተኛ ሰነድ ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው። ሆን ብለው አታለዋል ከተባለ ደግሞ ለ10 ዓመት ያህል የሚያስገቡት ማመልከቻ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ከላኪው ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ፤ መታለልዎን የሚያሳዩበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቡንም የፓስፖርት ኮፒውንም ልኬ ጨርሻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሁኑኑ ወደ ባንክዎ ወይም ገንዘቡን ወዳስተላለፈው ድርጅት ይደውሉ፤ ብሩ ካልወጣ ሊታገድ ይችላል። ለፖሊስ ያመልክቱ፣ የማመልከቻውን ቁጥር ይያዙ። ስሙ ለተሰረቀው ትክክለኛ ድርጅትም ደብዳቤውን አያይዘው ይጻፉ። ከሳምንት በኋላ «የተበላ ገንዘብዎን በትንሽ ክፍያ እናስመልሳለን» የሚል ሰው ከመጣ አይመልሱለት፤ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች ስልክዎን የገዛ ነው።