ሲአርፒ «ፖዘቲቭ» ነው ስለተባሉ አንባቢ

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ እኖራለሁ። የስኳር ሕመም አለብኝ። ሰሞኑን ትኩሳት ይዞኝ ስመረመር «ሲአርፒ ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት ተሰጠኝ። አንድ ወዳጄ «ልብን የሚጎዳው ይህ ብግነት ነውና ዲክሎፌናክ በየቀኑ ውሰድ» አለኝ። ልጀምር?

መልስ፦ እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ። ዲክሎፌናክ የሕመምና የብግነት ማስታገሻ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና፣ በስኳር ምክንያት ቀድሞውንም ለጉዳት የተጋለጠውን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፤ የልብ ሕመም ስጋትንም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት (ሰውነት ለኢንፌክሽን ወይም ለጉዳት የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ) ሲነሣ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። ወባም፣ የሳንባ ምችም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም፣ የድድ ሕመምም ከፍ ያደርጉታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ ትኩሳት እያለ የተገኘ ውጤት የልብዎን ሁኔታ አያሳይም።

ወረቀትዎ ላይ በቁጥር ፋንታ «ፖዘቲቭ» መጻፉም ትልቅ ነገር ይነግረናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የላቴክስ ምርመራ ነው፦ ባለሙያው ከደም የተለየውን ሴረም በስላይድ (በመመርመሪያ መስታወት) ላይ ላቴክስ ከሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጋር ቀላቅሎ ለ2 ደቂቃ ያህል እያወዛወዘ ያየዋል፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ሲጓጉሉ ከታዩ ፖዘቲቭ ይባላል። ምርመራው የሚይዘው በአንድ ሊትር 6 ሚሊግራም ገደማና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። የልብ ተመራማሪዎች የሚያተኩሩት ግን ከዚህ በታች ባለው መጠን ላይ ነው፤ ከ1 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ስጋት ይባላል። ይህን የሚለካው «ሃይ ሴንሲቲቪቲ ሲአርፒ» ራሱን የቻለ ምርመራ ሲሆን፣ እርሱም ከ10 በላይ ከመጣ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት።

ወዳጅዎ ከባዶ ተነሥተው አልተናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው «ካንቶስ» የተባለ ጥናት፣ ቀደም ሲል የልብ ጡንቻ ጉዳት በደረሰባቸው ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ካናኪኑማብ የተባለውን ፀረ ብግነት መርፌ ፈትሾ፣ በ150 ሚሊግራም መጠን ድንገተኛ የልብና የአንጎል አደጋን 15 በመቶ ቀንሶ አግኝቶታል። ነገር ግን ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽን ጨመረ፤ አጠቃላይ የሞት ቁጥርም አልቀነሰም። በቀጣዩ ዓመት የተሰማው ሜቶትሬክሴት በተባለ ሌላ ፀረ ብግነት መድኃኒት ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሲአርፒንም የልብ አደጋንም ሳይቀንስ ቀረ። በዘር ምክንያት ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎችም ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው አልተገኙም። ለእኔ ይህ የሚያሳየው ፕሮቲኑ ጠቋሚ እንጂ ራሱ አጥፊ አለመሆኑንና፣ ቁጥሩን ለማውረድ ብቻ መድኃኒት መዋጥ ትክክል አለመሆኑን ነው።

አሁን የሚያስፈልገው የትኩሳቱን መንስኤ ማግኘት ነው። የወባና የሽንት ምርመራ ያድርጉ፤ ኩላሊትዎንና የሦስት ወር የስኳር መጠንዎንም አብረው ያስለኩ። ጫማዎን አውልቀው በጣቶችዎ መካከልና በውስጥ እግርዎ ቁስል መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።