ከበሮ ሲመታ የሚያስደነግጠኝ ሰይጣን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱን ሸሽቼ ከወልድያ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ነው የወጣሁት። አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ዛሬም የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ መሬት ላይ እደፋለሁ። ሌሊት በላብ ርሼ እነቃለሁ። ባለፈው የንግሥ ዕለት ከበሮው ሲመታ ልቤ ልትወጣ ደረሰች፤ ከቅጽሩ ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤቴ "ሰይጣን ቢኖርብሽ ነው" አለችኝ። ጸበል ተጠምቄያለሁ፣ ግን አልተወኝም። ሐኪም ቤት ብሄድ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ከነልጆችሽ በሕይወት ወጣሽ። ከበሮውን የፈራው እምነትሽ አይደለም፤ ጆሮሽ ነው። ከባድ መሣሪያ የሰማ ሰው "ድም" የሚል ነገር ሲሰማ ምንነቱን እስኪያጣራ አይቆይም፣ ሰውነቱ ቀድሞ ይሮጣል። ያን ጊዜ ልጆችሽን አስይዞ ያስነሣሽ ይኸው ድንጋጤ ነው። አደጋው ቢያልፍም እሱ ገና አልበረደም። እንዲህ ያለው ነገር ከወር አልፎ ከቀጠለ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ አንቺ ደግሞ ዓመታት ችለሽዋል።

ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይመስለኝም። ግን የተጎዳን ሰው "ሰይጣን አለብህ" ማለት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ኤልዛቤል ልትገድለው ዝታበት ሸሸ፤ ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ኮሬብ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ሐኪም መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 በግልጽ ይናገራል፦ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ስለዚህ ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም አለ። የደረሰብሽን ሁሉ በአንድ ቀን ተናገሪ የሚልሽ የለም። ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ ነው። መድኃኒት ከታዘዘልሽ ለጸበል ብለሽ እንዳታቋርጪው፣ ጸበሉንም ተዪ አላልኩሽም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከመድኃኒቱ ጋር ጾሙን እንዴት እንደምትይዢው ይመክሩሻል። የመሞት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ቀን ለቅርብ ሰው ተናግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ለሚመጣው ንግሥ ከከበሮው ራቅ ብለሽ በሩ አጠገብ ቁሚ። ሲከብድሽ ውጪ፣ ሲቀልሽ ተመለሺ። ከቅጽሩ ውጭ ቆመሽ ብትጸልዪም ጸሎትሽ ይሰማል።